በእርዳታ የሚደገፍ መንግሥት ሥራው እንዴት ይቀላጠፋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመንግሥት ቢሮ ሥራ ለምን ይጓተታል ሲባል ሁሉም የየራሱን ምሬት ያወጣል። ከበጀታቸው ትልቁ ድርሻ ከውጭ እርዳታ በሚመጣባቸው አገሮች ግን ችግሩ ሌላም መልክ አለው። ሥራውን የሚያጓትተው የገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም። ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድም ጭምር ነው። ይሄ ነጥብ በቂ ትኩረት ያገኘ አይመስለኝም፤ ለዚህም ነው ብዙ ጊዜ የሚነሱትን ጥያቄዎች አንድ ላይ ሰብስቤ የመለስኳቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በእርዳታ ላይ ጥገኛ የሚባለው የትኛው አገር ነው?

ቁርጥ ያለ መስመር የለም። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ለጋሾች ነገ እጃቸውን ቢሰበስቡ የትኛው የመንግሥት ሥራ አብሮ ይቆማል? የሚቆመው አንድ የመስኖ ጥናት ከሆነ አገሩ እርዳታ ይቀበላል እንጂ ጥገኛ አይደለም። የነርሶች ደመወዝና የክትባት ግዢ የሚቆም ከሆነ ግን ጥገኛ ነው። አፍጋኒስታን የከፋው ምሳሌ ነበረች። ከ2021 በፊት በነበሩት ዓመታት ከመንግሥት ወጪ 75 በመቶ ገደማ የሚሸፈነው በውጭ እርዳታ ነበር። መንግሥቱ ወድቆ ገንዘቡ ሲቋረጥ ሐኪሞችና መምህራን ለወራት ያለ ደመወዝ ቀሩ።

ገንዘብ እየመጣ ሥራው ለምን ይንቀራፈፋል?

በአንድ በር ስለማይገባ ነው።

አንዲት የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊን እንውሰድ። በሥሯ አራት ፕሮጀክቶች አሉ፤ የወባ፣ የክትባት፣ የእናቶች ጤናና የሥርዓተ ምግብ። እያንዳንዱ የራሱ የባንክ ሂሳብ፣ የራሱ ቅጽ፣ የራሱ የሪፖርት ቀን አለው። አንዱ ቅጽ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ቁጥር ይጠይቃል። ሌላው ከአንድ ዓመት በታች ያሉትን ብቻ ይፈልጋል። ሦስተኛው ደግሞ ያንኑ ቁጥር በቀበሌ ከፋፍሎ ይላክልኝ ይላል። በሽተኞቹ እነዚያው፣ መዝገቡም ያው አንድ ነው። ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ ግን ጽሕፈት ቤቱ ሥራውን ትቶ ቅጽ ሲሞላ ይሰነብታል። በግቢው ውስጥ የወባው መኪና ቆሟል፤ ነዳጅም አለው። የክትባት ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ባለሙያ ማድረስ ሲያስፈልግ ግን መኪናው አይወጣም። ለወባ ብቻ ነዋ።

ይህን ወደ ሚኒስቴር ደረጃ አውጡት። የለጋሾቹ በጀት ዓመት እንኳ አይገጥምም። የአሜሪካው ኦክቶበር 1፣ የጃፓኑ ኤፕሪል 1፣ የብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች ጃንዋሪ 1 ይጀምራል። የተቀባዩ አገር በጀት ዓመት ደግሞ ሌላ ነው። ገንዘቡ ዘግይቶ ይለቀቃል፣ ጨረታው ዘግይቶ ይወጣል፣ ከዚያ በጀት መዝጊያ ላይ ሁሉም ግዢ በአንድ ጊዜ ይሯሯጣል። በዚህ ላይ «ኖ ኦብጀክሽን» የሚባለው ደብዳቤ አለ። ከልማት ባንኮች ጋር የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። የጨረታ ሰነዱ፣ የግምገማ ውጤቱ፣ ውሉ፣ እያንዳንዳቸው ከባንኩ «ተቃውሞ የለንም» የሚል መልስ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ቁጥጥሩ ምክንያት አለው፣ አልካድኩም። ግን በአንድ ግዢ ላይ የአገሩም የለጋሹም ሕግ ተደራርቦ ሲሠራ ባለሙያው ሁለት ጊዜ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ይህን ለጋሾቹም አላጡትም። በ2005 ፓሪስ ላይ ተሰብስበው በአገሮቹ የራሳቸው ሥርዓት እንሠራለን፣ ከመንግሥት መዋቅር ውጭ የሚቋቋሙ የፕሮጀክት ዩኒቶችን በሁለት ሦስተኛ እንቀንሳለን ብለው ፈርመዋል። ግቡ እስከ 2010 እንዲደረስ ነበር። ውጤቱ ሲገመገም ከ13ቱ ግቦች የተሳካው አንዱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። እሱም የቴክኒክ ድጋፍን ማስተባበር ነው። አክራ ላይ በ2008፣ ቡሳን ላይ በ2011 ቃሉ ታደሰ። በወረዳው ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ያለው የቅጽ ክምር ግን ብዙም አልቀነሰም።

ጎበዝ ሠራተኛ በመንግሥት ቤት ለምን አይበረክትም?

ከሁለት በር በኋላ የተሻለ ደመወዝ ስላለ። በበጀት መምሪያ ውስጥ ቁጥር የገባው፣ ሌሊት ቢጠሩት የሚመጣ አንድ ባለሙያ አለ እንበል። እዚያው ፎቅ ላይ የተከፈተ የፕሮጀክት ማስተባበሪያ ዩኒት የደመወዙን ብዙ እጥፍ ይከፍላል። ቢሄድ ማን ይፈርድበታል? ልጆች አሉት፣ የቤት ኪራይ አለበት። ግን መምሪያው ባዶ ይሆናል፣ ዩኒቱም ሦስት አራት ዓመት ሠርቶ ይዘጋል። ሰውየው ተመልሶ በድሮው ደመወዝ አይቀመጥም። ወደ ሌላ ፕሮጀክት ወይም ወደ ውጭ ይሄዳል። አፍጋኒስታን ውስጥ ይህ ከመብዛቱ የተነሳ በለጋሽ ገንዘብ የሚከፈላቸው የሚኒስቴር ሠራተኞች «ሁለተኛው ሲቪል ሰርቪስ» የሚል ስም ወጥቶላቸው ነበር።

መፍትሔው ፕሮጀክቶችን ሁሉ መዝጋት አይደለም። ለጋሾች በሙሉ የሚገዙበት አንድ የደመወዝ እርከን ማውጣት ነው። ማንም ድርጅት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰው ሲወስድ ከዚያ እርከን በላይ አይከፍልም፣ የሚከፈለውም ማሟያ በመንግሥት ፔሮል (የደመወዝ ዝርዝር) ላይ ይመዘገባል። ከባድ ነው። አንድ ትልቅ ለጋሽ እምቢ ካለ ሁሉም ይፈርሳል። ግን ሳይሞከር የሚቀርበት ምክንያት የለም።

የውሎ አበልስ? ይህን ያህል የሚወራለት ነገር ነው?

ነው። የወር ደመወዝ ቤት በማያስተዳድርበት ቦታ የአምስት ቀን ስልጠና አበል ትልቅ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ስልጠናው የሚመረጠው በሚያስተምረው ሳይሆን በሚከፍለው ይሆናል። ባለጉዳይ መጥቶ «ኃላፊው ስልጠና ላይ ናቸው» ይባላል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ አውደ ጥናት ላይ ናቸው። ፊርማው ይጠብቃል።

ሠራተኛውን መውቀስ ግን ፍትሐዊ አይደለም። አበሉ የደመወዙን ጎዶሎ እየሞላ ያለ ሥርዓት ነው፤ ሠራተኛው የፈጠረው አይደለም። ለአበል የሚወጣውን ገንዘብ ቀስ በቀስ ወደ መደበኛ ደመወዝ ማዞር፣ ለጋሾች በሙሉ አንድ የአበል ተመን እንዲከተሉ ማድረግ፣ በበጀት ዝግጅት ወራት ደግሞ ስልጠና መከልከል ይቻላል። የመጨረሻው ገንዘብ አይጠይቅም፣ አንድ የሰርኩላር ደብዳቤ ይበቃዋል።

ገንዘቡ በቀጥታ ወደ መንግሥት ካዝና ቢገባ አይበላም?

ሊበላ ይችላል። ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ አይገባም። ሞዛምቢክ ውስጥ በመንግሥት ዋስትና ከ2013 ጀምሮ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ብድር ተወስዶ ነበር። አብዛኛው ከፓርላማውም ከለጋሾቹም የተደበቀ ነበር። በ2016 ሲጋለጥ ለጋሾች የበጀት ድጋፋቸውን አቋረጡ። ኪሳራው የተጫነው ብድሩን በማያውቀው ሕዝብ ላይ ነው።

ግን ጥያቄውን ገልብጡት። መንግሥትን አልፎ መስጠት ገንዘቡን ያድናል? ሄይቲ በ2010 በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ ከመጣው የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ለመንግሥቱ የደረሰው 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ሌላው በድርጅቶችና በኮንትራክተሮች በኩል ሄደ። መንግሥቱ አቅሙ ደካማ ነው ተብሎ ታለፈ፣ በመታለፉም ከነበረበት ደካማነት አልወጣም። ሥራ የማይሰጠው መሥሪያ ቤት ሥራ አይለምድም።

ከሁሉ ይልቅ የዩጋንዳን ታሪክ ልብ እንድትሉት እፈልጋለሁ። ከ1991 እስከ 1995 ድረስ ማዕከላዊው መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ የሚልከው ድጎማ ነበር። በሂሳብ መዝገብ ላይ ሁሉም ተልኳል። በ1996 ባለሙያዎች ትምህርት ቤቶቹ ድረስ ሄደው ምን እንደ ደረሳቸው ሲጠይቁ በአማካይ የደረሰው 13 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ከነጭራሹ ምንም አላገኙም። ገንዘቡ መሃል ላይ፣ ከአውራጃ ባለሥልጣናት እጅ አላለፈም። መንግሥቱ ምን አደረገ? የተላከውን መጠን በየወሩ በጋዜጣ ማተምና በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ማድረግ ጀመረ። በ2001 የሚደርሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆኗል። ለለውጡ ሁሉ ምስጋናው የጋዜጣው ነው ማለት አይደለም። በእነዚያ ዓመታት የበጀት አሠራሩም ተሻሽሎ ነበር። ዋናው ነገር ቀዳዳው የተደፈነው በመንግሥት ሥርዓት ውስጥ ሆኖ መሆኑ ነው።

መሃል መንገድም አለ። በአፍጋኒስታን በ2002 የተቋቋመው የለጋሾች የጋራ ፈንድ የመንግሥትን የደመወዝ ወጪ የሚተካው ገለልተኛ መርማሪ ሰነዱን አይቶ ካጸደቀ በኋላ ነበር። በኢትዮጵያም ከ2005 ምርጫ በኋላ ቀጥታ የበጀት ድጋፍ ሲቋረጥ በ2006 የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ መርሐ ግብር ተጀመረ። ገንዘቡ በመንግሥት ካዝና በኩል ለወረዳዎች ይደርስ ነበር፤ የወረዳው በጀትም ለሕዝብ በግልጽ እንዲለጠፍ የሚያደርግ ክፍል ነበረው። ገንዘቡ በመንግሥት ቱቦ ያልፋል፣ ቆጣሪው ግን ሁሉም በሚያየው ቦታ ላይ ይተከላል።

ሁሉንም ነገር ዲጂታል ብናደርገው አይፈታም?

ብቻውን አይፈታም። ምክንያቱን ለማየት የአንድ ነጋዴን የፈቃድ እድሳት ማመልከቻ እግር በእግር መከተል ነው። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይወጣለታል። ወደ ኃላፊው ጠረጴዛ ይወጣል። ኃላፊው ጥግ ላይ «ታይቶ ይቅረብልኝ» ብለው ይመሩታል። ወደ ቡድን መሪው ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ባለሙያው። ባለሙያው ሰነዱን አይቶ ማስታወሻ ይጽፋል። ተመልሶ ወደ ቡድን መሪው፣ ከዚያ ወደ ኃላፊው፣ ከዚያ ወደ ማህተም፣ በመጨረሻም ወጪ ሆኖ መዝገብ ቤት። ቁም ነገሩ ያለው ባለሙያው ጋ ነው፤ እሱም ምናልባት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ቀሪው ቀን ሁሉ ጥበቃ ነው።

ይህንን መንገድ እንዳለ ወደ ኮምፒውተር ብንወስደው ፋይሉ ጠረጴዛ ላይ መጠበቁን ትቶ ስክሪን ላይ ይጠብቃል። ነጋዴው ደግሞ ኦንላይን ሞልቶ ሲያበቃ «ኦርጅናሉን ይዘህ ና» ይባላል። ስለዚህ መጀመሪያ መቁረጥ ነው። መደበኛ እድሳት የኃላፊ ፊርማ ለምን ያስፈልገዋል? ባለሙያው ራሱ ይፈርም፣ ኃላፊው ከተሠሩት ውስጥ ጥቂቱን እየመረጠ ያጣራ። ኢስቶኒያ በ2001 መሥሪያ ቤቶቿን እርስ በርስ የሚያገናኘውን «ኤክስ ሮድ» የተባለ ሥርዓት ስትጀምር አብሮት የተያዘ መርህ ነበር፦ መንግሥት አንድ ጊዜ የያዘውን መረጃ ዜጋውን ደግሞ አይጠይቅም። ቴክኖሎጂው ያለዚህ መርህ ብዙ አይፈይድም።

ሌላው አደጋ ማላዊ ላይ ታይቷል። አገሪቱ ዘመናዊ የተቀናጀ የፋይናንስ ሥርዓት ነበራት። በ2013 «ካሽጌት» የተባለው ቅሌት ሲወጣ ግን ሠራተኞች በዚያው ሥርዓት ውስጥ ላልተሠራ ሥራ ክፍያ እየፈጸሙ ዱካውን ያጠፉ እንደነበር ታወቀ። በስድስት ወር ውስጥ ወደ 32 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቷል። ለጋሾችም የበጀት ድጋፍ አቆሙ። ሶፍትዌሩ ማን ምን እንዳደረገ መመዝገብ ቢችልም መዝገቡን የሚያይ ሰው ከሌለ ዋጋ የለውም።

ለጋሽ የሚገዛው ሥርዓት ከመጫኑ በፊት ሦስት ነገር ቢጠየቅ ደስ ይለኛል። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የፈቃድ ክፍያውን ማን ይከፍላል? የሰርቨሩ ዋና የይለፍ ቃል በማን እጅ ነው? ሲበላሽ የሚጠግን የአገር ልጅ አለ? ለሦስቱም መልስ ከሌለ ማሽኑ ከሦስት ዓመት በኋላ አቧራ ይሸፍነዋል።

ሠራተኛ መቀነስስ?

በ1980ዎቹና 90ዎቹ ዓለም ባንክና ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) አብዝተው የገፉት ይህንን ነበር። ዩጋንዳ በ1990 ወደ 320,000 የሚደርስ ሠራተኛ ነበራት፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ግማሽ ወረደ። ከተቀነሱት ብዙዎቹ ስማቸው እንጂ ሰውነታቸው የሌለ ነበሩ። ታንዛኒያም በ2016 ከ10,000 በላይ የሌሉ ሠራተኞችን ከፔሮል አውጥታለች።

የሌለን ሰው መቀነስ ንጹህ ትርፍ ነው። በሕይወት ያለውን በጅምላ መቀነስ ግን ሌላ ነገር ነው። «በፈቃዱ የሚለቅ ይኸው ካሳ» ሲባል መጀመሪያ የሚወጣው ሌላ ቦታ ሥራ የማያጣው ጎበዙ ነው። ደግሞም ብዙ አገሮች ችግራቸው የሰው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ሰው ያለበት ቦታም ነው። ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊው ተትረፍርፎ ገጠር ያለው ጤና ጣቢያ አንድ ነርስ ያጣል።

እሺ፣ ከየት ይጀመር?

ከፔሮል። ለማን እንደሚከፍል የማያውቅ መንግሥት ሌላውን ማሻሻል አይችልም። የደመወዝ ዝርዝሩን ከሰው ኃይል መዝገቡና ከመታወቂያ ቁጥር ጋር ማገናኘት፣ ክፍያውን በባንክ ወይም በሞባይል በሠራተኛው ስም ማድረግ። ይህ የሚያስገኘው ቁጠባ ለቀጣዩ እርምጃ ገንዘብም ተቀባይነትም ያመጣል።

ቀጥሎ የካዝና ጉዳይ ነው። ብዙ እርዳታ ተቀባይ አገሮች ውስጥ መንግሥት በሺህ የሚቆጠሩ የባንክ ሂሳቦች አሉት። ገንዘብ አንዱ ሂሳብ ላይ ተኝቶ እያለ መንግሥቱ ደመወዝ ለመክፈል በወለድ ይበደራል። ሁሉንም ወደ አንድ የግምጃ ቤት ሂሳብ ማምጣት ይቻላል። የለጋሹም ገንዘብ በውስጡ በራሱ ኮድ ተለይቶ ሊታይ ይችላል፣ የተለየ የባንክ ደብተር አያስፈልገውም። ለጋሾች ይህን ሲፈሩ ሰምቻለሁ። ፍርሃታቸው የሚበርደው ሪፖርቱ በሰዓቱና ሳይሸራረፍ ሲደርሳቸው ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚንቀው ነው፤ የተፈቀደው በጀት በሰዓቱ መለቀቁ። ፓርላማ ያጸደቀው ሥራ ማስኬጃ በወሩ ሳይመጣ ሲቀር ጽሕፈት ቤቱ ወረቀት በዱቤ ይገዛል። አቅራቢው ክፍያው እንደሚዘገይ ስለሚያውቅ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ይጫረታል። ለተቆጣጣሪው ጉዞ ነዳጅ የለም። ከዚያ «አላሠራ አለኝ» የሚል ሠራተኛ እውነቱን ነው። ትንሽ በጀት ሆኖ ቀኑን የማይስት ከሆነ፣ ትልቅ ሆኖ መቼ እንደሚመጣ ከማይታወቀው ይሻላል። ይህ ደግሞ ለጋሾችንም ይመለከታል። ቃል የገቡትን በገቡበት ሩብ ዓመት መልቀቅ ከብዙ የአቅም ግንባታ ስልጠና ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ አንድ አገልግሎት መምረጥ ነው። አንድ ብቻ። ሰልፉ የሚረዝምበትን፣ ሰው የሚያማርርበትን ይምረጡ፤ የንግድ ምዝገባ ሊሆን ይችላል፣ የልደት ምስክር ወረቀት ወይም የጡረታ መክፈቻ። ፋይሉ ከገባበት እስከሚወጣበት ተከትሎ እያንዳንዱን ቆይታ መጻፍ። መንገዱን ማሳጠር። ባለጉዳዩ ምን ይዞ እንደሚመጣና በስንት ቀን እንደሚያልቅለት በር ላይ መለጠፍ። ያ ሲሳካ ወደ ሁለተኛው መሄድ። የመንግሥትን መዋቅር በሙሉ ባንድ ጊዜ እናድሳለን የሚለው እቅድ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው አዲስ የመሥሪያ ቤት ስም፣ አዲስ ማህተምና አሮጌ ሰልፍ ሆኖ ነው።

ደሃ አገር ለለጋሽ «አይሆንም» ማለት ይችላል?

ይችላል፣ ያሉም አሉ። ቦትስዋና በ1966 ነጻ ስትወጣ የዕለት ተዕለት ወጪዋን እንኳ የምትሸፍነው በብሪታንያ ድጎማ ነበር። ቢሆንም የገንዘብና የልማት እቅድ ሚኒስቴሯ አንድ ሕግ ያዘ፦ በብሔራዊ የልማት እቅዱ ውስጥ የሌለ ፕሮጀክት በነጻ ቢመጣም አንቀበልም። ሕንጻው ሲመረቅ የሚያስተዳድረው ሰውና የጥገናው ገንዘብ ከየት ይመጣል ብለው አስቀድመው ይጠይቁ ነበር። አልማዝ ረድቷታል፣ እውነት ነው። አልማዝ ኖሯቸው እንደዚያ ያላደረጉ ግን ብዙ ናቸው።

ታንዛኒያ ባለሥልጣናቷ በለጋሽ ልዑካን ስብሰባ ተይዘው በጀት ማዘጋጀት ሲያቅታቸው በዓመቱ ውስጥ የተወሰኑ ወራትን «የጸጥታ ጊዜ» ብላ ለየች። በዚያ ጊዜ ልዑክ እንዳይመጣ ተጠየቀ። ሩዋንዳ ደግሞ በ2010 ለጋሾችን ከፋፍላ እያንዳንዳቸው ከሦስት ዘርፍ በላይ እንዳይገቡ አደረገች። ከዚያ በፊት ሁሉም ጤና ላይ ይረባረቡ ነበር፣ የሚዘነጉ ዘርፎችም ነበሩ። ሁለቱም አገሮች እነዚህን ሲወስኑ እርዳታ በብዛት ይቀበሉ ነበር። «ለማኝ አይመርጥም» የሚለው አስተሳሰብ አገር አያስተዳድርም።

የውጭ አማካሪ ይጠቅማል?

እንደ አቀማመጡ ነው። ሪፖርት ጽፎ የሚሄደው ብዙም አይጠቅምም። ቦትስዋና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ የውጭ ዜጎችን በመደበኛ የመንግሥት ሥራ መደብ ላይ ቀጥራለች። የሚያዛቸው መንግሥቱ ነበር፣ ተጠሪነታቸውም ለእሱ ነበር። ላይቤሪያ ከጦርነቱ በኋላ በ2005 የተስማማችበት አሠራር ደግሞ ጠበቅ ያለ ነበር። በተመረጡ መሥሪያ ቤቶችና የመንግሥት ድርጅቶች የውጭ ባለሙያው ካልፈረመ ገንዘብ አይወጣም። ሉዓላዊነትን የሚነካ ነው ተብሎ ተተችቷል፤ ትችቱ መሠረት አለው። ሆኖም መጨረሻ ነበረው። ላይቤሪያ በ2010 የእዳ ስረዛዋን ሁኔታዎች ስታሟላ ተዘጋ። የማብቂያ ቀን የሌለውን አማካሪ አትቀበሉ ብዬ እመክራለሁ።

እርዳታው በድንገት ቢቋረጥስ?

ይህ ጥያቄ ድሮ ግምት ነበር። የአሜሪካው የውጭ እርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ በጁላይ 1፣ 2025 ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት መሆኑ አክትሟል። ብሪታንያም የእርዳታ በጀቷን በ2027 ከብሔራዊ ገቢዋ 0.3 በመቶ ላይ እንደምታወርድ በ2025 አስታውቃለች። በብዙ አገሮች በፕሮጀክት የተቀጠሩ የጤና ሠራተኞች በሳምንታት ውስጥ ተበትነዋል። አንዳንድ ሚኒስቴሮች የትኛው ክሊኒክ በማን ገንዘብ እንደሚሠራ ሙሉ ዝርዝር እንኳ አልነበራቸውም፤ ገንዘቡ በእነሱ በኩል አላለፈማ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ያ ዝርዝር ነው። በለጋሽ የሚከፈል እያንዳንዱ የሥራ መደብ፣ የሚገዛ እያንዳንዱ መድኃኒት፣ ውሉ የሚያልቅበት ቀን። ከዚያ መቋረጥ የሌለባቸውን መለየት። አዲስ ስምምነት ሲፈረም ደግሞ ደመወዙ በዓመት በዓመት ወደ መንግሥት በጀት የሚዛወርበት መርሐ ግብር ገና ከመጀመሪያው ውሉ ላይ ይግባ።

የረጅም ጊዜው መልስ ግብር ነው። አንድ አገር ቢያንስ ከአገር ውስጥ ምርቱ 15 በመቶ ያህል ግብር ካልሰበሰበ መሠረታዊ ሥራውን በራሱ መሸፈን ይቸግረዋል ተብሎ በሰፊው ይታመናል። ግብር ከፋዩ ግን የሚከፍለው አገልግሎት ሲያይ ነው። የተንዛዛው ቢሮ እዚህ ላይም ዋጋ ያስከፍላል።

ለውጡ ስንት ዓመት ይፈጃል?

አንድ የፈቃድ ሰልፍ በወራት ይስተካከላል። ፔሮል አንድ ሁለት ዓመት ይፈልጋል። ከእርዳታ መውጣት ትውልድ ይፈጃል። ደቡብ ኮሪያ በ1950ዎቹ በአሜሪካ እርዳታ ትኖር ነበር። የኢኮኖሚ እቅድ ቦርዷን በ1961 አቋቋመች፣ በ2010 እርዳታ ሰጪ አገሮች የሚሰባሰቡበት የለጋሾች ኮሚቴ አባል ሆነች። የፕሮጀክት ዕድሜ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው።

መሻሻሉን በምን እናውቃለን?

በሰለጠነው ሰው ብዛትና በወጣው መመሪያ አትለኩት። ማመልከቻ ከገባበት እስከ ውሳኔ ስንት ቀን ፈጀ? ከተፈቀደው በጀት በሩብ ዓመቱ የተለቀቀው ስንት በመቶ ነው? አቅራቢዎች ሥራውን ካስረከቡ በኋላ ክፍያ በስንት ቀን ያገኛሉ? ከእርዳታው ውስጥ በመንግሥት በጀት ሰነድ ላይ የሚታየው ምን ያህሉ ነው? አራቱም ከመዝገብ ሊወጡ የሚችሉ ቁጥሮች ናቸው። ቀኖቹን የሚቆጥረው ግን አገልግሎቱን የሚሰጠው ክፍል ራሱ ባይሆን ይሻላል። ኦዲት ክፍሉ ከባለጉዳይ መዝገብ ላይ በየወሩ ጥቂት ሰዎችን መርጦ ስልክ ይደውልና ጉዳያቸው መቼ እንዳለቀላቸው፣ ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ ይጠይቃቸው።